የልዩነት ሐሳብ

ቀን፦ ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ እሑድ ከረፋዱ።
ቦታ፦ ግራር አምባ፣ ከሐይቅ ወዲያ ማዶ፣ ዳገት ነው መንገዱ።
ጸሐፊ፦ እኔ፣ ጦይባ እንድሪስ፤
በእርሳስ ነው የምጽፍ፣ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ላጲስ እንዲደርስ።

ስልሳ አንድ ሰው መጣ።
አራተኛ «ለ» ገባን፤ ለልጅ የተሠራ ዴስክ፣ ጉልበት አልገባ ብሎ፣
አንዱ በጎኑ ዞሮ፣ አንዱ ተንጠልጥሎ።

ከወረዳ የመጣው ወጣት፣ ትሕትናው የማያልቅ፣
ሦስት ገጽ አወጣ፣ የታተመ፣ ከሩቅ የሚደምቅ።
«ሰባትና ስምንት ለከርሞ ወደ ከተማ ይዛወራል፤
የመጣሁት ለማወያየት ነው» ይላል።

ለማወያየት።
ቃሉ ደስ ይላል፤ የሰርግ ጥሪ ይመስላል፣
ሙሽሪት ከተዳረች ወዲያ የደረሰ ወረቀት።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን፦
«ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ ደግፈው አጽድቀዋል»፤
ቀኑ የትናንት ነው፤ ከሥሩ ባዶ መስመር ፊርማችንን ይጠብቃል።

ጮክ ብዬ አነበብሁት።
ሸህ ሙሄ አንገታቸውን አቀኑና፦
«እስቲ ድገሚልኝ ልጄ፣ ትናንት ነው ያልሽው?
ትናንት እኔ ማማ ላይ ነበርሁ፣
እጄን ያነሣሁት ወፍ ከማሽላው ላባርር ነው።
ለወረዳ የደገፍሁ መስሎ ታይቶ እንደሆን፣
አፉ በሉኝ፤ ጥፋቱ የወንጭፌ ይሁን።»

ክፍሉ በሳቅ ተናደ። ወጣቱም ሳቀ፤ ከልቡ መሰለኝ።
«ቅጹ ነው» አለ፣ «እንዲሁ ከላይ የመጣ።»
ከላይ ሲል ዓይናችን ወደ ቆርቆሮው ወጣ።
እሱን እናውቀዋለን። በየቤቱ ተዋጥቶ፣
አንዱ እህል፣ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ጉልበት አውጥቶ፣
የይማም ሚስት ጥጃዋን ሸጣ በሩ በኩል ያለውን አልብሳ።
ከኛ በላይ ያለው እሱ ነው፤ እሱም የኛው።

ክርክሩ ያኔ ጀመረ።
ፈንታው ጓንጉል፦ «ሴት ልጄን በደረቅ ወንዝ አልሰድም።
በጋ ነው ደረቅ የሚባል፤ ክረምት ስሙን ይረሳል፤
አምና የአስረስን በቅሎ ከነጭነቷ ወስዷል።»
«እውነት ነው! እውነት ነው!»

ከኋላ ሐዋ አረቡ ተነሣች።
«የኔ ልጅ ሳይንስ የምትማር በቃል ነው።
አሲድ ይላሉ፤ መልኩን እሷም መምህሯም አላዩት።
ከተማ ቤተ ሙከራ አለ።
ወንዙን እኔም እፈራለሁ፤
እንደኔ ሆና መቅረቷን ግን የበለጠ እፈራለሁ።
ወረዳ ስላለ አይደለም። እኔ ነኝ ያልሁት። ጻፊው።»

አንድ ሰው ሳለ።
እርሳሴን ነከስሁ፤
እኔን ከስምንተኛ ያስቀረኝ ያው ወንዝ ነው፣
ለማን ልፍረድ?

እጅ ተቆጠረ፣ አንዴ በኔ፣ አንዴ በወጣቱ፦
አይዛወር፣ አርባ ሦስት።
ይዛወር፣ አሥራ አራት።
ዝም ያሉ አራት፤ አንዷ ጸሐፊዋ።
ውሳኔ፦ ክፍሎቹ ይቆዩ፤ ድልድይ ሲሠራ እንነጋገር።

ወጣቱ ቅጹን አገላበጠ፤ «ለአሥራ አራቱ ቦታ የለውም» አለ።
ሸህ ሙሄ፣ ከአርባ ሦስቱ ፊተኛው፣ ምርኩዛቸውን አነሡ፦
«መስመር ጨምሪ ጦይባ።
የሐዋን ቃል ጥለን የኛን ብቻ ከላክን፣
ትናንት ከተጻፈው ወረቀት በምን ተሻልን?»

በምርኩዛቸው አሰመርሁ፤ መስመሩ ጎበጥ አለ።
«የልዩነት ሐሳብ» ብዬ ጻፍሁ፤
ያንን ብቻ፣ በእስክርቢቶ።

ይኸው ኅዳር አለቀ። ማሽላው ታጨደ፤ መልስ አልመጣም።
ሐዋ ከወፍጮ ስትመለስ በሬ ላይ ትቆማለች፣
ዱቄት የነካው ነጠላዋን እያራገፈች፦
«የኔን አነበቡት?»
አላውቅም እላታለሁ። ቅጂውን አወጣለሁ።
ስሰማት ስታዳምጠኝ፣ ከንፈሯ አብሮኝ ይሄዳል፤
«እዚያ ጋ» ትለኛለች፣ «ቤተ ሙከራ ያልሁበት ጋ፣
ጠበቅ አድርገሽ አንብቢው።»